ሥዕሉ ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ለምን ይቆማል?

ለመሆኑ በገዛ ሳሎናችሁ፣ በገዛ ቴሌቪዥናችሁ የገዛ እህታችሁን ሠርግ ማየት አቅቷችሁ ያውቃል? በጌዴኦ ዞን ጨለለቅቱ የሚኖር አንድ ወጣት የገጠመው ጣጣ ይኸው ነው። ሠርጉን ከዲላ የመጣ ቪዲዮ አንሺ «4ኬ» በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ቀረጸው። በዓመቱ አባት አረፉ። ሙሽራዋን ቆመው ሲመርቁ የሚያሳየው ያ ቪዲዮ አሁን የቤቱ ትልቅ ቅርስ ሆኗል። እናት እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ «እስቲ ምርቃቱን አሰሙኝ» ይላሉ።

ልጁ ደግሞ ዘመናዊ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለች መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ከውጭ መጥታለት፣ ከሃርድ ዲስክ ጋር አገናኝቶ፣ ጄሊፊን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ የቤት «ሰርቨር» ሠርቷል። ፊልሙ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የሳሎኑ ቴሌቪዥንም የወንድሞቹ ሞባይልም በዋይፋይ እየሳቡ ያያሉ። ፓኬጅ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፤ ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ቪዲዮ ከሂሳባችሁ አምስት ሳንቲም አይቆርጥም።

ከፊልም ጫኞች በፍላሽ ያመጣው ሁሉ ያለ ችግር ይታያል። ሠርጉ ግን አሥር ሰከንድ ይሄድና ቀጥ! ያቺ የምትሽከረከር ቀለበት ትመጣለች። አንድ እሑድ አባት እጃቸውን ለምርቃት እንደዘረጉ ሥዕሉ ደርቆ ቀረ። እናት ቪዲዮው የተበላሸ መስሏቸው አለቀሱ። ይኸው በዚህ የተነሳ ልጁ የዘንድሮን የቡና ገንዘብ ይዞ አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ተነስቷል።

ቆይ እንጂ ወንድሜ! ብሩን ለጊዜው ወደ ኪስህ መልሰው።

ነገሩ ከጉልበት ይልቅ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ ገዢም ሻጭም ጌዴኡፋ ከቻሉ አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል? አንዱ ካልቻለ ግን መሃል ቆሞ እያንዳንዷን ቃል የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ከደከመው ወሬው ይቆማል። ቪዲዮም የሚቀመጠው ታምቆ ነው፤ አስተማመቁም ኤች.264፣ ኤች.265 እየተባለ ይለያያል። ቴሌቪዥኑ ካወቀው ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ያቀብለዋል። ይህ ዕቃ እንደ ማቀበል ስለሆነ ለትንሿ ማሽን ከባድ አይደለም። ካላወቀው ግን ሰርቨሩ ሥዕሉን ፈትቶ፣ እንደገና አምቆ፣ ያውም በሰዓቱ ማድረስ ሊኖርበት ነው። ይህን «ትራንስኮዲንግ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ፓይ 4 ደግሞ 4ኬን በሰዓቱ የማስተርጎም አቅም የላትም። እንዳለ ማቀበል ከሆነ ግን ትችላለች።

ታዲያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ቪዲዮው እየታየ ሳለ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ ክፈቱ። እንዳለ እየቀረበ ነው ወይስ እየተተረጎመ ነው? እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እየተተረጎመ ከሆነ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን አፕ ተመልከቱ። የጥራት ምርጫው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ሰርቨሩ ሳይወድ በግድ ይተረጉማል፤ ወደ ከፍተኛው አድርሱት። በሥዕል መልክ የተሠራ የግርጌ ጽሑፍም ይህንኑ መዘዝ ያመጣል፤ ኤስአርቲ የሚባለው ተራ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም።

ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ከሠርጉ አጭር ቁራጭ በፍላሽ ገልብጣችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩ። እዚያም ከቆመ ቴሌቪዥኑ የፋይሉን ቋንቋ አያውቅም ማለት ነው። የሠርግ ካሜራዎች አንዳንዴ 10 ቢት 4:2:2 በሚባል፣ ለቅንብር እንጂ ለሳሎን ባልታሰበ መልክ ይቀርጻሉ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህን አይፈቱም። በፍላሽ ጥሩ ሄዶ በዋይፋይ ከቆመ ደግሞ መንገዱን ጠርጥሩ።

የመንገዱን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። የካሜራ 4ኬ በሰከንድ እስከ 100 ሜጋቢት ሊደርስ ይችላል፤ በሰዓት 45 ጊጋባይት መሆኑ ነው! በ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ፣ ሁለት ግድግዳ አልፎ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም። ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ቀይሩ፤ ፓይዋንም ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙ። ቴሌቪዥኑን በገመድ ማገናኘት ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። የብዙ ቴሌቪዥኖች የኔትዎርክ ቀዳዳ፣ 4ኬ ይሁኑ እንጂ፣ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም።

ዋናው መላ ከራሷ ከፓይዋ ውጪ ነው። ማስተርጎሙን አስቀድሞ፣ አንዴ፣ ጉልበት ባለው ኮምፒውተር መጨረስ ነው። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ማታ ተከፍቶ ሲታደር ጠዋት ዝግጁ ይሆናል። ከዚህም የሚቀለው ቪዲዮ አንሺውን «ኤች.264፣ 8 ቢት፣ 1080፣ ድምፁ ኤኤሲ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ ለእሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን ሰዓቱ ወደ 4.5 ጊጋባይት ይወርዳል። «4ኬው ቀረብኝ» የሚል ካለ እውነቱን እንንገረው፤ በ43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። የግድ 4ኬ ከተባለ በኤች.265፣ በ25 ሜጋቢት ይሠራለት። ኤች.265 ከሆነ ፓይዋን በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ በኮዲ ማየትም ይቻላል፤ ያኔ ዋይፋይ የሚባል ጣጣ የለም።

መግዛት ግዴታ ከሆነስ? ኢንቴል ኤን100 ያላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች መብራት ብዙም ሳይበሉ ያስተረጉማሉ። እኛ ግን ስክሪኑ የተሰበረ፣ ኢንቴል 7ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ እንመርጣለን። ባትሪ አለዋ! መብራት ድንገት ድርግም ሲል ማሽኑ በወጉ ይዘጋል። ፓይና ሃርድ ዲስክ ግን በአንድ ቅጽበት ይሞታሉ፤ በተደጋጋሚ ከሆነ ፋይል ይበላሻል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ነገር እንዳይሳሳት። አዲሱ ቅጂ ጥሩ ሠራ ብሎ ዋናውን እንዳያጠፋ! ዋናው በሁለት ዲስክ ይቀመጥ፣ አንዱ እህቱ ቤት ይደር። ቪዲዮ አንሺዎች ቦታ ሲጠባቸው የቆየ ሠርግ ያጠፋሉ፤ የአባትን ምርቃት ሁለተኛ የሚቀርጸው የለም። ዛሬውኑ ዲላ ደውሎ ያልተቀናበረው ቀረጻ አሁንም እንዳለ ይጠይቅ።