የሚኖሩበት ስፍራ በሰው ጠባይና ጤና ላይ ስላለው ኀይል

ሰው የሠራውን ሥራ፥ በጎም ይሁን ክፉ፥ ባየን ጊዜ ወዲያው የምንመረምረው ጠባዩን ነው። በወረፋ የሚጋፋውን ባለጌ፥ በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ሰነፍ፥ በግንብ ሥር ሽንቱን የሚሸናውን ሥርዓት የለሽ ማለት ለሁላችንም ይቀለናል። ሰውዬው የቆመበት ስፍራ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ሌላ ነገር ለማድረግስ ምቹ ቦታ አግኝቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ አይለንም። ይህ ጽሑፍ የቀረበው ለከተማው ነዋሪ፥ ይልቁንም መንገድ ለሚያስጠርገው፥ ቦታ ለሚመራውና ገንዘብ ለሚፈቅደው ሹም ይህንኑ ጥያቄ ለማሳሰብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በወጣትነቱ ባገለገለበት በአንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳዮች የሚቆሙበት መተላለፊያ ጠባብና ጨለማ ነበር። ማን ቀድሞ እንደ መጣ የሚያስታውቅ አንዳች ነገር ስላልነበረ፥ በሩ በተከፈተ ቍጥር ሁሉም ባንድነት ይገፋ ነበር፤ ያልገፋ ሰው እስከ ማታ ቆሞ መዋሉን ያውቃልና። ሽማግሎች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች በደጅ ከፀሐይ ላይ ይቀራሉ፤ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ይጮኻል። እኛም ጸሓፊዎቹ ከውስጥ ሆነን «የዚህ አገር ሕዝብ ወረፋ አያውቅም» እያልን እናማርር ነበር። በኋላ የመዝገብ ቤቱ ሹም፥ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ፥ ሁለት ረዣዥም አግዳሚ ወንበሮች አሠርተው በግቢው ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡ፤ ከካርቶን የተቈረጡ ቍጥሮችንም ለዘበኛው ሰጥተው ለመጣው ሁሉ በየተራው እንዲያድል አዘዙ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጩኸቱ ጠፋ። ባለጉዳዩ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር ይጫወታል፤ ቍጥሩ ሲጠራም ልብሱን አስተካክሎ ይገባል። ሕዝቡ ያው ሕዝብ፥ ዘበኛውም ያው ዘበኛ ነበረ።

በመተላለፊያው ውስጥ የተጨነቀ ሰው ቢያንስ መጨነቁን ያውቃል። ከዚህ የሚከፋው ሰው ሳያውቀው የሚደርስበት ጕዳት ነው፤ የዚህም ምሳሌው ጩኸት ነው። በሚስዮን ተማሪ ቤት ስንማር የክፍላችን ጣራ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነበር። የሰኔ ዝናብ በላዩ መውረድ ሲጀምር የመምህራችን ድምፅ ፈጽሞ ስለማይሰማ፥ ጠመኔውን አስቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆሙ ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ ደስ ይለን ነበር እንጂ የጐደለብን ነገር እንዳለ አላሰብንም።

ይህን የመሰለው ጕዳት በቍጥር የተመረመረው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በከተማይቱ ሰሜናዊ ክፍል፥ በማንሃተን፥ ባቡር ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ድልድይ ላይ የሚያልፍበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤት አለ። ከሕንፃው ክፍሎች እኵሌቶቹ ፊታቸው ወደ ሐዲዱ ሲሆን፥ እኵሌቶቹ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተውት ጸጥ ባለው ወገን ይገኛሉ። ባቡሩ በአራት ደቂቃ ተኩል ያህል አንድ ጊዜ ሲያልፍ በሐዲዱ በኩል ያሉት መምህራን ንግግራቸውን ማቋረጥ ግድ ይሆንባቸው ነበር። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ከአንድ ባልደረባቸው ጋር የልጆቹን የንባብ ውጤት አመሳክረው በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፥ በጩኸቱ በኩል የተማሩት ጸጥ ባለው በኩል ከተማሩት ወደ ኋላ መቅረታቸውን፥ በስድስተኛ ክፍልም ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ በኋላ ከሐዲዱ ሥር ድምፅ የሚያበርድ ጎማ ተነጠፈ፤ በክፍሎቹም ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ ተሠራ። በ1981 እንደ ገና ሲመረመር በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ። ልጆቹን ሰነፎች፥ መምህራኑንም ደካሞች ብሎ የወቀሰ ሰው ኖሮ ከሆነ የወቀሰው ያለ ቦታው ነው።

በከተሞቻችን በተማሪ ቤት አጥር ሥር የእህል ወፍጮ፥ የመኪና መጠገኛ፥ የአውቶቡስ መናኸሪያ ወይም ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ ያዞረ ሙዚቃ ቤት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወፍጮውን ከከተማ ውጭ አውጡት ማለት ደግሞ አይገባም፤ እህሉን በጀርባዋ ተሸክማ የምትሄደው እናት ናትና ጕዳቱ ወደ እርሷ ይዞራል። ነገር ግን ቦታው ሲመራ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ፈቀቅ ማድረግ ለሹሙ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ እንደ ሆነ የመማሪያ ክፍሎቹን መስኮት በሌላው ወገን ማስከፈት፥ ከቆርቆሮውም ሥር ኮርኒስ ማስመታት ይቻላል።

ስፍራ ትምህርትን ብቻ ሳይሆን የሥጋን ጤና ጭምር እንደሚነካ ያስረዳው ምርመራ ደግሞ ከሆስፒታል የተገኘ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከ1972 እስከ 1981 ድረስ በፔንሲልቫንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች መዝገብ መረመሩ። በዕድሜና በሌላውም ነገር የሚመሳሰሉ ሁለት ሁለት ሕመምተኞችን እያጣመሩ 46 ሰዎችን አነጻጸሩ፤ ከየጥንዱ አንደኛው የተኛበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የሁለተኛው መስኮት ግን የሚያሳየው የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው። ዛፍ ያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን ሲተኙ፥ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን ተኝተዋል። ዛፍ ያዩት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የፈለጉትም በጥቂቱ ነበር፤ አስታማሚዎቹም በመዝገባቸው ስለ እነርሱ የጻፉት ቅሬታ አነስተኛ ነበር። ይህ በ1984 የታተመ ምርመራ የአንድ ሆስፒታልና የጥቂት ሰዎች ነገር ስለ ሆነ፥ ዛፍ መድኃኒትን ይተካል ለማለት አያስደፍርም። ሆኖም አልጋውን ከመስኮቱ አንጻር ማዞር ምንም ወጪ የሌለው ሥራ መሆኑን የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ቢያስቡት መልካም ነው።

ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ ሊቃውንት ብቻ እንደምንማረው አድርጎ ማሰብ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አባቶቻችን ምርመራ ሳይጽፉ በሥራ ያሳዩት ነገር ነው። በገጠር ሽማግሎች ጠብ ለማብረድ ሲቀመጡ የሚመርጡት የዋርካ ጥላ ነው። ጥላው ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ሁሉም የሁሉን ፊት ያያል፤ የሚናገረው ተነሥቶ ሲቆም የቀረው ተቀምጦ ያዳምጣል። ያንኑ ጉዳይ ያነሡት ያው ባለጋሮች በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቢገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ከላይ አይተናል።

በጕራጌ አገር ደግሞ ጀፎረ የሚባል አለ። ይኸውም ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር ጐዳና ሲሆን፥ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አድርገው ይሠራሉ። ሠርግ የሚሠረገው፥ ለቅሶ የሚለቀሰው፥ ሸንጎ የሚቀመጠው፥ ልጆች የሚጫወቱት፥ በመስቀል በዓልም የሚጨፈረው በዚያው ላይ ነው። ባለቤቱ መንደርተኛው ሁሉ በመሆኑ ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ ሊገባበት ወይም ሊያርሰው አይችልም፤ ልማዳዊው ሕግ ይከለክለዋል። ዕለት ዕለት በአንድ ሜዳ ላይ የሚተያይ ጎረቤት ሐዘኑንና ደስታውን መሸሸግ አይችልም፤ ሕፃን ቢወድቅ የሚያነሣው፥ እንግዳ ቢመጣ የሚጠይቀው ሰው አይታጣም። በከተማ ግን የሠፈርን ክፍት ሜዳ «ባዶ ቦታ» ብለን ስንመራው፥ ባዶ ሳይሆን ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ ቦታ መሆኑን እንዘነጋለን።

በሐረር ጀጐል ውስጥ በሚገኘው ጥንታዊ የሐረሪ ቤትም ይኸው ዕውቀት በቤት ውስጥ ይታያል። በዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ፤ አሚር ነደባ የሚባለው ለአባወራውና ለከበረ እንግዳ ሲሆን፥ ሌሎቹም እንደ ዕድሜና እንደ ማዕርግ የተመደቡ ናቸው። የገባው ሰው የት እንደሚቀመጥ የሚነግረው አያስፈልገውም፤ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል።

ስለ ከተማ ከተነሣ አስመራን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ዘንባባ የተተከለበት ዋናው ጐዳናዋ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስላለውና ግራና ቀኙም በቡና ቤቶች የተሞላ ስለ ሆነ፥ ወደ ማታ ሽማግሌውም ወጣቱም ተሽቀርቅሮ እየወጣ ሲንሸራሸርና ሰላምታ ሲለዋወጥ ይታያል። በ2017 ዩኔስኮ ከተማይቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ብዙ ሰው የተደነቀው በሕንፃዎቹ ውበት ነው። ይሁን እንጂ ስፍራን አሳምሮ መሥራት ሰውን ለማዋረድም ሊያገለግል እንደሚችል ያው ከተማ ምስክር ነው። በ1930ዎቹ የፋሺስት መንግሥት የዘር ልዩነትን ሕግ ባደረገ ጊዜ ከተማይቱ በፕላን ተከፋፈለች፤ አውሮፓውያን የሚኖሩበት ሠፈር ሰፊ መንገድና የአትክልት ስፍራ ሲያገኝ፥ ኤርትራውያን የሚኖሩባቸው እንደ አባ ሻውል ያሉት ሠፈሮች ተጨናንቀው ቀሩ። አስቀድሞ መንገዱንና ቦታውን ነፍጎ፥ ኋላ ደግሞ «ሥልጣኔ አያውቅም» ብሎ መናቅ ለገዢ ምን ያህል እንደሚመች ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አንዳንድ ሹም ይህን አንብቦ አዲስ ሕንፃ ማቆም ብቻ የሚበቃ እንዳይመስለው፥ ስለ አንድ የአሜሪካ ሠፈር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የተባለ፥ እያንዳንዱ 11 ፎቅ የሆነ የ33 ሕንፃዎች መንደር በ1950ዎቹ ለድሆች ተሠራ። ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል አሳንሰሩ በየሦስት ፎቁ ብቻ እንዲቆም ተደረገ፤ አሳንሰሩ የሚቆምባቸው ረዣዥም ሰገነቶችም ጎረቤት የሚጫወትባቸው ይሆናሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከተከራዮች ኪራይ ብቻ እንዲገኝ ስለ ተወሰነ፥ ነዋሪው እየደኸየና እየለቀቀ ሲሄድ አምፑሉን የሚተካ፥ የፈነዳውን ቧንቧ የሚጠግን ጠፋ። ሰገነቶቹም የሌባ መሸሸጊያ ሆኑ። ሕንፃዎቹ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ከ1972 ጀምሮ በፈንጂ ይፈርሱ ጀመር። ጥፋቱን ሁሉ በሕንፃው ንድፍ ላይ የሚጥሉ አሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ከንድፉ ይልቅ የከፋው ጠባቂና ጠጋኝ ማጣቱ ነው።

ይህ ጕዳይ እኛንም ይመለከታል። በክረምት ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ችግኝ ይተክላል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ታኅሣሥ ሲደርስ ማን ውሃ እንደሚያጠጣው፥ ከፍየልም ማን እንደሚጠብቀው በዕለቱ ተወስኖ ስለማይጻፍ ብዙው ይደርቃል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም እንዲሁ ነው፤ በምረቃው ቀን ንጹሕ ነው፤ ውሃ የሚያመጣና የሚያጥብ ደመወዝተኛ ካልተቀጠረለት ግን በጥቂት ወር ውስጥ ይቈለፋል፤ ሰውም ወደ ግንቡ ሥር ይመለሳል፤ ከዚያም በግንቡ ላይ «መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይጻፋል።

በመጀመሪያ የጠቀስነው የመሥሪያ ቤቱ ሹም ጡረታ በወጡ ጊዜ አግዳሚ ወንበሮቹ ለአንድ ስብሰባ በውሰት ተወሰዱና ሳይመለሱ ቀሩ፤ የካርቶኑም ቍጥሮች ዝናብ አገኛቸውና ተጣሉ፤ ሌላ የቈረጠ ሰው አልነበረም። ወሩ ሳያልቅ ዘበኛው ዱላውን እንደ ገና አነሣ፤ በመዝገብ ቤቱም ውስጥ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ጸሓፊ «የዚህ አገር ሕዝብ ወረፋ አያውቅም» ሲል ተሰማ።