በደም ውስጥ የተደበቀው ማጭድ



በአሜሪካ አገር ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ተረከዙ በመርፌ ይወጋና ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ይወሰዳል። በዚህ ደም ከሚመረመሩት ሕመሞች አንዱ ቀዩን የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው በሽታ ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆችም በዚሁ ምርመራ ያልፋሉ። አንዳንድ ጊዜ «ልጃችሁ የበሽታው ተሸካሚ ነው» የሚል ደብዳቤ ቤት ይደርሳል፤ እናትም ትደነግጣለች። ተሸካሚውን ከሕመምተኛው በደሙ ለይቶ ማሳየት የተቻለው አንድ ወጣት ለዶክተርነት ማዕርግ በደከመበት ምርምር ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ልናወሳላችሁ ወደድን።

በሽታውን ዶክተር ጄምስ ሄሪክ በ1910 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሆነው ጻፉት። ከግሬናዳ ደሴት የመጣ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ ክብ መሆን የሚገባቸው ሕዋሳት ረዝመውና ጎብጠው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ዐርባ ዓመት ያህል ቅርጹ ታወቀ እንጂ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር።

ሃርቪ ኢታኖ በ1920 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከጃፓናውያን ወላጆች ተወለደ። በ1942 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከተመራቂዎቹ ሁሉ በላይ ሆኖ ሳለ፥ ሜዳሊያውን በምረቃው ቀን ቀርቦ ሊቀበል አልቻለም። በጦርነቱ ምክንያት መንግሥቱ የጃፓን ዘር ያላቸውን ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው አስወጥቶ በግዞት ሠፈር አስቀምጧቸው ስለ ነበር፥ እርሱም ከነቤተ ሰቡ በዚያ ነበረ። በዚያው ዓመት ከግዞት ወጥቶ በሴንት ሉዊስ ሕክምና ተማረ፤ በ1945ም ሐኪም ሆነ።

ሐኪም የሆነ ሰው ደግሞ ዶክተር ለመሆን የሚማረው ስለ ምንድን ነው የሚል አይጠፋም፤ በቋንቋችን ቃሉ ለሁለቱም ስለሚነገር ነገሩ በእርግጥ ያደናግራል። ሐኪም በታወቀው ዕውቀት በሽተኛውን ይረዳል። ለምርምር ዶክተርነት የሚማር ግን ማንም ያላወቀውን ነገር ፈልጎ በማስረጃ ማስረዳት ግዴታው ነው።

ኢታኖ በ1946 ፓሳዴና ወደሚገኘው ወደ ካልቴክ ሄዶ ከሊቁ ሊነስ ፓውሊንግ ዘንድ ተማሪ ሆነ። ፓውሊንግ ሕዋሳቱ የሚጎብጡት ኦክስጅን ባነሰው ደም ውስጥ መሆኑን ከአንድ ሐኪም ሰምተው ስለ ነበር፥ ጥፋቱ ኦክስጅን በሚሸከመው በሄሞግሎቢን እንደሚሆን ጠረጠሩ፤ ሥራውንም ለኢታኖ ሰጡት። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ልዩነት አላሳዩም። በኋላ ከጆናታን ሲንገር ጋር ሄሞግሎቢኑን በፈሳሽ አሟሙተው የኤሌክትሪክ ኃይል አሳለፉበት። የጤነኛው በአንድ አኳኋን፥ የሕመምተኛው በሌላ አኳኋን ተጓዘ። የተሸካሚው ደም ግን ሁለቱንም ዐይነት ይዞ ተገኘ፤ የታመመው ዐይነት ከግማሽ በታች ነበር። የተሸካሚው ሰው ጤና ምሥጢሩ እነሆ በዚህ ተገለጠ! ውጤቱ በ1949 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ፥ የአንድ በሽታ ሥር በአንዲት ሞለኪውል ላይ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ሆነ። ኢታኖም በ1950 ማዕርጉን ተቀበለ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ቨርነን ኢንግራም ሄሞግሎቢኑን ቆራርጦ ሲመረምር፥ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ መሆኑን አገኘ። ከ146 አሚኖ አሲዶች በተሠራው ሰንሰለት ስድስተኛው ብቻ ተለውጧል፤ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ቫሊን ገብቷል። በዚህ ምክንያት ሞለኪውሎቹ ኦክስጅናቸውን ሲያወርዱ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፥ ሕዋሱን ያጎብጣሉ፤ የጎበጠውም ሕዋስ ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋል። የሕመምተኛው ሕፃን እጅና እግር የሚያብጠውና የሚያስለቅሰው ስለዚህ ነው እንጂ በሰው ዐይን ወይም በእናት ጥፋት አይደለም።

በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የሕመምተኛውን የራሱን የመቅኔ ሕዋሳት አውጥቶ ዘሩን በማረም የሚደረግ ሕክምና ፈቅዷል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ተሸካሚ የሆነ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማናቸውም ልጅ በጤና ያድጋል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚዎች ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና የሚወለደው ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰበት ቤት፥ ሌላ ልጅ ከመፀነሱ በፊት እናት ብቻ ሳትሆን አባትም ደሙን ያስመርምር።