«ጽድ ነው» አሉኝ፤ የትኛው ጽድ?

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ደብረ ታቦር ላይ ለግቢያችን ስድስት የጽድ ችግኝ ገዛሁ። «የሀበሻ ነው?» ስለው ሻጩ «አዎ» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ እንደማያውቅ አራት ዓመት ሙሉ ኢኮኖሚክስ ክፍል ተምሬ!

የፈረንጅ ጽድ ቶሎ ያድጋል፣ ሲከረከም ደግሞ ጥሩ አጥር ይወጣዋል። የሳይንስ ስሙ ፖርቹጋልን ቢጠራም የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የሀበሻው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እንጨቱን ግን ምስጥ አይደፍረውም። እርሳስ ሁሉ ይሠራበታል።

ለመለየት ፍሬውን እዩ። የሀበሻው ፍሬ ከሽምብራ አይበልጥም፤ ለስላሳ ነው፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል። የፈረንጁ ጠንካራ እንክብል ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሀበሻው አብዛኛውን ጊዜ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ስለሆነ ወንዴው ላይ ፍሬ አትፈልጉ።

ችግሩ፣ ችግኝ ፍሬ የለውም። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ካሉት ትልልቅ የሀበሻ ጽዶች የአንዱን ፍሬ በስልካችሁ አንሱ (እንዳትቆርጡ ብቻ!)። ከዚያ ሻጩን «ዘሩ እንዲህ ካለው ዛፍ ነው የተለቀመው?» በሉት።

የእኔዎቹ ስድስቱ አሁን በቁመት አልፈውኛል። የሀበሻ ጽድ እንዲህ አይሮጥም።