ሎጂክ በሁለት እርከን

ሎጂክ አንድ መደምደሚያ ከመነሻ ሐሳቦቹ በእርግጥ መከተሉን ከይዘቱ ለይቶ፣ በቅርጹ ብቻ የሚመዝን የዕውቀት ዘርፍ ነው። በዲስክሪት ማቲማቲክስ መግቢያ ላይ በሁለት እርከን ይሰጣል። የመጀመሪያው የፕሮፖዚሽን ሎጂክ ሲሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሳይበትን እርስ በርስ ያያይዛል። ሁለተኛው የፕረዲኬት ሎጂክ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብቶ ስለ ማን ምን እንደተባለ፣ የተባለውም ስለ ሁሉም ይሁን ስለ አንዳንዱ ይመረምራል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ ኮርስም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ፕሮፖዚሽን እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሊሆን ግን የማይችል ዓረፍተ ነገር ነው። «ጥቁር ዓባይ ከጣና ሐይቅ ይወጣል» ፕሮፖዚሽን ነው። «7 ያለ ቀሪ ለ2 ይካፈላል» የሚለውም ሐሰት ቢሆን እንኳ ፕሮፖዚሽን ነው። «በሩን ዝጋ» ትእዛዝ፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ደግሞ ጥያቄ ስለሆኑ ከዚህ ውጭ ናቸው። «ሀ ከ5 ይበልጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሀ ማን እንደሆነ እስካልታወቀ ድረስ እውነትም ሐሰትም አይባልም፤ ቦታው ሁለተኛው እርከን ነው።

ፕሮፖዚሽኖች በአምስት ማያያዣዎች ይገናኛሉ፦ «አይደለም» (¬)፣ «እና» (∧)፣ «ወይም» (∨)፣ «ከሆነ» (→) እና «ከሆነ፣ ከሆነም ብቻ» (↔)። የእያንዳንዳቸው ትርጉም በእውነት ሰንጠረዥ ይወሰናል። ሰንጠረዡ ክፍሎቹ እውነትና ሐሰት በሚሆኑባቸው መንገዶች ሁሉ ጠቅላላው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሆን በየረድፉ ያሳያል። «እና» እውነት የሚሆነው ሁለቱም ክፍሎች እውነት ሲሆኑ ብቻ ነው። «ወይም» በሒሳብ ሁለቱንም ያቅፋል፤ «ሻይ ወይም ቡና» ሲባል አንዱን ምረጥ ማለት ቢሆንም፣ «ቁጥሩ ለ2 ወይም ለ3 ይካፈላል» የሚለው ለ6ም እውነት ነው።

እነዚህን ሁለቱን በ«አይደለም» ማፍረስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «መብራትና ውሃ አለ» የሚለው ሐሰት ከሆነ ሁለቱም ጠፍተዋል ማለት አይደለም፤ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የለም ማለት ነው። «መብራት ወይም ውሃ አለ» የሚለው ሐሰት ሲሆን ግን ሁለቱም የሉም። እነዚህ ሁለት ሕጎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በአውግስጦስ ደ ሞርጋን ስም ይጠራሉ።

ከማያያዣዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚለው ነው፤ ተማሪ የሚሰናከለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና። ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ሀ እውነት ሆኖ ለ ሐሰት ሲሆን። ሀ ሐሰት ከሆነ ለ ምንም ይሁን ምን ጠቅላላው እውነት ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል። ምክንያቱን ለማየት «አንድ ሰው መኪና የሚያሽከረክር ከሆነ መንጃ ፈቃድ አለው» የሚለውን ደንብ መውሰድ ይበቃል። የትራፊክ ፖሊስ ደንቡ መከበሩን ለማወቅ መሪ የጨበጠውን ያስቆማል እንጂ በእግሩ የሚሄደውን አያስቆምም። እግረኛው መንጃ ፈቃድ ኖረውም አልኖረውም ደንቡን አላፈረሰም፤ ደንብ ካልፈረሰ ደግሞ እንደጸና ይቆጠራል። ሰንጠረዡ የሚለውም ይህንኑ ነው።

ከዚሁ ደንብ ሌላም ነገር ይነበባል። «መንጃ ፈቃድ የሌለው አያሽከረክርም» ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጋር ፍጹም እኩል ነው፤ አንዱ እውነት በሆነበት ሁሉ ሌላውም እውነት ነው። «መንጃ ፈቃድ ያለው ያሽከረክራል» የሚለው ግን ከእሱ አይከተልም። በዕለት ተዕለት ክርክር ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ብዙዎቹ እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ይመጣሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው የአራት ካርዶች ፈተና፣ አንድ «ከሆነ» ያለበት ደንብ መጣሱን ለማወቅ የትኞቹ ካርዶች መገልበጥ እንዳለባቸው የተጠየቁት አብዛኞቹ ሰዎች ተሳሳቱ። ደንቡ ስለ ፊደልና ስለ ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግሪግስና ኮክስ ተመሳሳዩን ጥያቄ ስለ ዕድሜና ስለ መጠጥ ሕግ አድርገው ሲያቀርቡት ግን ብዙዎቹ በትክክል መለሱ። የጥያቄው ቅርጽ አንድ ነበር፤ የተለወጠው ይዘቱ ነው። ቅርጽን ከይዘት ለይቶ ማየት ለብዙ ሰው ቀላል እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

የማያያዣዎች ጥናት ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስቶይኮቹ ፈላስፋ ክሪሲፖስ መርምሯቸዋል። ወደ አልጀብራ የለወጣቸው ግን ጆርጅ ቡል ነው፤ ሥራዎቹን እ.ኤ.አ. በ1847 እና በ1854 አሳተመ። ክሎድ ሻነን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 በማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይህንኑ አልጀብራ እንደሚከተሉ አሳየ፦ በተከታታይ የተያያዙት «እና»፣ ጎን ለጎን የተያያዙት «ወይም» ናቸው። የኮምፒውተር ዑደቶች ንድፍ በዚህ ላይ ቆሟል።

የመጀመሪያው እርከን አቅም ግን ውስን ነው። «ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሶቅራጥስ ሟች ነው» የሚለው በፕሮፖዚሽን ሎጂክ ሲጻፍ ሦስት የማይገናኙ ፊደላት ሆኖ ይቀራል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ለምን እንደሚከተል አይታይም። አርስቶትል ይህን ዓይነቱን ክርክር የሚመዝንበት ሥርዓት ነበረው። ያም ቢሆን «ፈረስ ሁሉ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ የፈረስ ራስ ሁሉ የእንስሳ ራስ ነው» የሚለውን ሊያስረዳ አልቻለም፤ «የ … ራስ» ሁለት ነገሮችን የሚያገናኝ ዝምድና ነውና። ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ መፍትሔውን አመጣ። ዓረፍተ ነገሩን ክፍት ቦታ ወዳለው ፕረዲኬትና ክፍት ቦታውን ወደሚሞላው ነገር ከፈለው፤ ክፍት ቦታው በስንት ነገር ላይ እንደሚዘረጋ የሚናገር ምልክትም ጨመረበት። ይህ ምልክት ኳንቲፋየር ይባላል። ዛሬ «ለሁሉም» በ∀፣ «ቢያንስ አንድ አለ» በ∃ ይጻፋል። የፍሬገ አጻጻፍ ሁለት ገጽታ የነበረው ከባድ ሥዕል ስለነበር አልተለመደም፤ ∃ የጁሴፔ ፔያኖ፣ ∀ የጌርሃርድ ጌንትሰን ነው።

ኳንቲፋየር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር መረዳት ይቻላል። አንድም አልመጣም ማለት ይሆን ወይስ የቀሩ አሉ ማለት? አነጋገሩ ሁለቱንም ይሸከማል። በምልክት ሲጻፍ ግን «አይደለም» ከ∀ በፊት ወይም በኋላ መቆም ስላለበት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይወጣሉ። «ሁሉም መጥተዋል» የሚለውን ለማፍረስ አንድ የቀረ ተማሪ ይበቃል።

ከዚህም የሚረቅቀው የኳንቲፋየሮች ቅደም ተከተል ነው። «ለእያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ የሚበልጥ ቁጥር አለ» እውነት ነው። «ከእያንዳንዱ ቁጥር የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ» ሐሰት ነው። የተለወጠው የ∀ እና የ∃ ቦታ ብቻ ነው። በዚህ የተሳሳቱት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ኦጉስተን ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ቁጥራቸው ማለቂያ የሌለው ቀጣይ ፋንክሽኖች ተደምረው ውጤት ሲኖራቸው ድምሩ ሁልጊዜ ቀጣይ ነው ብሎ ጻፈ፤ ኒልስ አቤል ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን የሚያፈርስ ምሳሌ አቀረበ። ችግሩ በኋላ ሲፈታ ልዩነቱ እዚሁ ላይ ተገኘ፦ ለእያንዳንዱ ነጥብ የየራሱ በቂ የድምር ርዝመት አለ ማለትና ለሁሉም ነጥቦች የሚበቃ አንድ ርዝመት አለ ማለት አንድ አይደሉም።

የፕረዲኬት ሎጂክ ኃይል ዋጋ ያስከፍላል። የፕሮፖዚሽን ሎጂክ ጥያቄ ምንጊዜም በሰንጠረዥ ይፈታል፤ ጊዜ ግን ይፈጃል። ፕሮፖዚሽኖቹ 3 ሲሆኑ ረድፎቹ 8፣ 20 ሲሆኑ 1,048,576፣ 30 ሲሆኑ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ናቸው። ሁልጊዜ ፈጣን የሆነ መንገድ መኖር አለመኖሩ፣ ስቲቨን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1971 ካነሣው ጥያቄ ጋር ተያይዞ፣ እስከ ዛሬ አልተፈታም። በፕረዲኬት ሎጂክ ግን ነገሮቹ ማለቂያ ላይኖራቸው ስለሚችል ሰንጠረዡ ራሱ አይሠራም። ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1929 በማንኛውም ዓለም እውነት የሚሆን የዚህ ሎጂክ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ማረጋገጫ እንዳለው አሳየ። አሎንዞ ቸርችና አለን ቱሪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶት በማንኛውም ዓለም እውነት ነው ወይም አይደለም ብሎ ሁልጊዜ የሚመልስ ስሌታዊ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጡ። ፕረዲኬቶቹ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ዘዴ መኖሩን ሌዎፖልድ ሎዌንሃይም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1915 አሳይቶ ነበር፤ ሁለት ነገሮችን የሚያገናኝ አንድ ፕረዲኬት ብቻ ሲጨመር ያ ዘዴ አይሠራም።