ቤት ትምህርት ቤት ሲሆን

በየአጥቢያውና በየፕሮጀክቱ ስንዞር፣ «ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቦታ ልጆቻችንን ምን እናድርጋቸው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በገሳይ አካባቢ ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነርሱም እንዲጻፍ አልፈለጉም።

ቤታቸው ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ የጉና ብርድ በቀጥታ በሚወርድበት ደጋ ላይ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያመርታሉ፤ ጥቂት በጎችም አሏቸው። ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ለትምህርት የደረሱ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ እነዚህ ልጆች ቤት ዋሉ። ያ አልፎ ተመልሰው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን ዳግመኛ ደብተራቸውን ሰቀሉ። ሁለተኛው ጊዜ ከፊተኛው ይልቅ የከፋ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ወንዱ ልጅ ሙሉ ቀን እረኛ ሆነ። ስለ ታላቂቱ ልጅ ደግሞ ዘመዶች የጋብቻ ወሬ ማንሣት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። እናትየዋ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድም፣ በጉንስ ይጠብቅ፤ ግን ፊደሉን በግ እንዳይበላበት።»

እኔም ለመርዳት ብዬ በሚቀጥለው ጉብኝቴ የታተሙ የመልመጃ ወረቀቶች ይዤላቸው ሄድሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተማርሁት በወረቀትና በጥቁር ሰሌዳ ስለ ነበር ሌላ መንገድ አልታየኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ምሰሶው ላይ ተሰክተዋል፤ በአንዱም አልተሠራበትም። ልጆቹ ከቤት ጀርባ ጭቃ ያቦኩ ነበር።

ጭቃው ጉና ነበር። አባትየው ከልጆቹ ጋር ሆኖ እስከ ጉልበት የሚደርስ ተራራ ሠርቷል፤ በአንዱ ጎን ርብን፣ በሌላው ጎን ጉማራን የሚያሳይ ቦይ በጣት ተስቦበታል። ሁለቱም ወንዞች በእውነት ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ጣና ሰባራ ሳህን ነበር። በርብ በኩል ያለውን ተዳፋት ባዶውን ተዉት፤ በጉማራ በኩል ያለውን ግን በጠጠር እየደረደሩ እርከን ሠሩለት። ከዚያም ወንዱ ልጅ በጣሳ ውኃ እየቀዳ በሁለቱም ጎን እኩል እኩል አፈሰሰ፤ ታላቂቱም ትቈጥር ነበር። በባዶው ጎን ውኃው ወዲያው ደፍርሶ ወረደ። በጠጠሩ ጎን ዘግይቶና ጠርቶ ደረሰ። ትንሿ ልጅ ሳህኑን አተኵራ ተመልክታ፣ «አባዬ፣ የእኛ አፈር ጣና ነው ያለው?» አለችው። አባትየው መልስ አልሰጣትም፤ ወደ እርሻቸው ጥግ ወስዶ ጎርፍ የበላውን ቦታ አሳያት። ማታ ከጸሎት በፊት ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው በገነት የተቀመጠበትን ምክንያት የሚናገረውን ክፍል አነበበላቸው። በማግስቱ ልጆቹ ድንጋይ ተሸክመው ወደ እርሻው ጥግ ሲሄዱ ማንም አላዘዛቸውም።

እኔ በዚያ ቀን ወረቀቶቼን ከምሰሶው አውጥቼ ወደ ቦርሳዬ መለስሁ።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጆች ለልጆቻቸው ቃሉን የሚያስተምሩት መቼ እንደ ሆነ ሲናገር የክፍል ሰዓት አይመድብም። በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ይላል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ሲደረግ ያየሁት ግን በዚያ ቤት ነው።

ስለ ድንቹ ትምህርት ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ የፕሮጀክት ሠራተኞች በቀላሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉና። በመጀመሪያ ሁለት የዘር ድንች ወሰዱ። አንዱን በተከደነ እንስራ ውስጥ አኖሩት፤ ሁለተኛውን ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው፣ ብርሃን ግን በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ከሳምንታት በኋላ በጨለማ የነበረው ረጅም፣ ነጭና በቀላሉ የሚሰበር ቡቃያ አወጣ፤ በብርሃን የነበረው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ። ለዘር የሚሻለው ይህ ሁለተኛው ነው። ቀጥሎ በገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠሩ መለኪያ ሠሩ፤ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ወርዱም ቁመቱም 3 ሜትር የሆነ መደብ ላይ ስንት ዘር ይፈለጋል? ታላቂቱ በመሬት ላይ በእንጨት ጽፋ 4 መስመር፣ በየመስመሩ 10፣ በጠቅላላው 40 ብላ አወጣች። ወንዱ ልጅ አላመናትም፤ 40 ድንች ቈጥሮ አምጥቶ አንድ በአንድ ደረደረና ልክ ሲሆን ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። እኔ የሰባኪ ልማድ ስላለብኝ ስለ ጨለማውና ስለ ብርሃኑ ወዲያው ስብከት ልጀምር ነበር። እናትየዋ በዓይኗ ከለከለችኝ። ድንቹ መጀመሪያ ድንች ይሁን፤ ልጁ ያየውን ይናገር፣ ይለካ፣ ይጻፍ። በነገር ሁሉ ላይ ጥቅስ የምንለጥፍ ከሆነ ልጆች ድንቹንም ጥቅሱንም ማየት ይተዋሉ። በዚያ ቤት ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ብርሃኑ ያነሣችው ታላቂቱ ራሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ መጽሐፉ ተከፈተ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፍ። ፊደሉን በምድጃ አጠገብ አመድ አንጥፈው በጣት ይጽፉታል፤ 33ቱን ፊደላት በ7 ስታባዛ 231 እንደምታገኝም ከዚያው ተምረዋል። እናትየዋ እርሾ የገባበትንና ያልገባበትን ሊጥ በሁለት ጣሳ አድርጋ እሳት ዳር ታሳድርና ጠዋት ያዩታል። ስፌት ስትሰፋም ሴቶቹም ወንዱም የአለላውን ጥለት ይቈጥራሉ። ወንድ ልጅ ስፌት ይዞ ሲያዩ ጎረቤቶች ስቀው ነበር። እህሉን ሲሰፍሩ ደግሞ የእነርሱ ቁና ስንት ጣሳ እንደሚይዝ፣ የጎረቤት ቁናስ ስንት እንደሚይዝ አነጻጸሩና ልዩነት አገኙ። ይህ ጥቂት ቅያሜ ፈጥሮ ነበር፤ ግን መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 ስለ እውነተኛ ሚዛን የሚናገረው ለእነዚያ ልጆች ከእንግዲህ የሩቅ ነገር አይደለም።

እጅንና እምነትን አንድ ላይ ማስተማር ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዓመታት፣ ከስዊስና ከጀርመን አገር የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ከቤተሰባቸው ጋር በዚያ ይኖሩ ነበር። የተማሩት በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ነው። ይህን ተቋም ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር እ.ኤ.አ. በ1840 ሲመሠርት ወንጌላዊው መጽሐፍ ቅዱስንም የእጅ ሥራንም እንዲያውቅ አስቦ ነበር። ከጋፋት ሰዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ሲሆን፣ የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። በጋፋት ወጣት ኢትዮጵያውያን ማንበብና መጻፍን ከእጅ ሥራ ጋር ይማሩ ነበር። በዚያ ዘመን በሚስዮናውያን ቤት ካደጉት አንዱ ሚካኤል አረጋዊ በኋላ ወደ ክሪሾና ሄዶ ተማረና ተመልሶ በቤተ እስራኤል መካከል ለብዙ ዓመታት አስተማረ።

ስለ ጋፋት ሳስብ ግን ኀዘንም ይሰማኛል። ንጉሡ ከእነዚያ ሰዎች አጥብቀው የፈለጉት መድፍ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነላቸውም፤ ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። መድፉ በብዙ ሰዎች ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቆ ንጉሡ ሲሞቱ ሚስዮናውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም ትምህርት ቤት በዚያው ቀረ። ጉልበት ፈላጊው ሲበረታ ሥራው ትምህርቱን ዋጠው።

በገበሬ ቤትም ይኸው ይደርሳል። ልጅ ቀኑን ሙሉ በግ ሲጠብቅ ቢውል «በእጁ እየተማረ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ሴት ልጅ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም መዋሏም እንዲሁ። ሥራው ትምህርት የሚሆነው ታላቅ ሰው አብሮ ተቀምጦ ሲጠይቅ፣ ልጁም ሲለካ፣ ሲጽፍና ሲሳሳት ነው። የገሳዩ ቤተሰብ ይህን ስላወቀ በጎች ከገቡ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ለየ። በዚያ ሰዓት ማንም ልጅ አይታዘዝም፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ ቡናውን የምታፈላው እናትየዋ ናት። ታላቂቱ ልጅ በዚህ ሰዓት ታናናሾቿን ማስተማር ስለ ጀመረች አባትየው ለዘመዶቹ፣ «ይህች የቤታችን መምህር ናት፤ ሕጉም 18 ዓመት ይላል» ብሎ መለሰላቸው። የጋብቻው ወሬ ለጊዜው በርዷል።

ከአጥቢያዎች የሚፈለገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ የሜትር ገመድና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ለብዙ ቤት ይበቃል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ባሉበት ቤት ግን አንድ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሄድ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ይህን በእርግጥ ችላ ብለን ቆይተናል። የፕሮጀክት ሠራተኞችም ልጆቹ የሠሩትን በደብተር እንዲያስመዘግቡ እለምናለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁ የት እንደ ደረሰ ለመምህሩ የሚታየው በዚያ ነውና። ቤቱ ትምህርት ቤቱን ሊተካ አልተነሣም፤ ልጁ ሲመለስ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ስጎበኛቸው ከ40ው ድንች 37ቱ በቅለው ነበር። ወንዱ ልጅ የቀሩትን ሦስቱን ፍለጋ መደቡን ቆፍሮ ኖሮ፣ አንዱ መበስበሱን፣ ሁለቱን ፍልፈል መውሰዱን በደብተሩ ጽፎ አሳየኝ። የፍልፈሉን ጉድጓድ ርዝመት ሊለካ በቋጠሮው ገመድ ገና እየታገለ ነበር።