ኤንቨሎፑ ላይ የሚቀር ድምፅ

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ቴክሳስ ውስጥ በተካሄደው የፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች በፖስታ የላኩት ድምፅ ሳይቆጠር ቀረ። በፖስታ ከተላከው ድምፅ ከመቶው አሥራ ሁለቱ ማለት ነው። ለአብዛኞቹ መውደቅ ምክንያት የሆነችው በመመለሻው ኤንቨሎፕ ክዳን ሥር ያለች አንዲት መስመር ናት። በ2021 የወጣው አዲስ ሕግ እዚያች መስመር ላይ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት አኃዞች እንዲጻፉ፣ ቁጥሩም በመራጮች መዝገብ ላይ ካለው ጋር እንዲገጥም ያዝዛል። ክዳኑ ሲታሸግ መስመሯ ትሸፈናለች፤ ብዙዎች ሳያዩዋት አለፉ። ሌሎች ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በአንደኛው ቁጥር ተመዝግበው ኖሮ አሁን ሌላኛውን ጻፉ። ቴክሳስ በፖስታ መምረጥን የምትፈቅደው በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ለታመሙና ከካውንቲያቸው ውጭ ላሉ ሰዎች በመሆኑ ጉዳቱ በአመዛኙ ያረፈው በአረጋውያን ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ስለ ፖስታ ድምፅ ክርክር በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ማጭበርበር ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሕግ አክብሮ፣ ጊዜ ወስዶ የመረጠ ሰው በአንዲት ያልተሞላች መስመር ድምፁን ማጣቱ ነው። አሜሪካ በሚኖረው በእኛ በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ደግሞ ይህ አደጋ ከሌላው የሚብስበት ምክንያት አለ።

በፖስታ መምረጥ ራሱ የቆየ አሠራር ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1864 ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር፣ በርካታ የሰሜን ስቴቶች ወታደሮቻቸው ከጦር ሜዳ ሆነው እንዲመርጡ ፈቅደው ነበር። ኦሪገን በ1998 በሕዝብ ውሳኔ ምርጫዋን በፖስታ አደረገች፤ በኋላም ዋሽንግተን ስቴትና ኮሎራዶ ተከተሏት። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ከመራጩ ከመቶ አርባ በላይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ድምፁን ሰጠ። የምርጫው ቀን ማክሰኞ ነው፤ በፌዴራል ደረጃም በዓል ሆኖ አይዘጋም። ኤርፖርት ፓርኪንግ ለሚሠራ፣ ታክሲ ለሚነዳ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ድርብ ሽፍት ለሚገባ ሰው ወረቀቱ ቤቱ ድረስ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሕጉ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል። ሲያትል ለሚኖር የተመዘገበ መራጭ የምርጫ ወረቀቱ ሳይጠይቅ ይላክለታል፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ምክንያት አይጠይቁም፣ ማመልከቻ ግን ይፈልጋሉ፤ አንዴ በቋሚ ዝርዝር ውስጥ ከገቡ በየምርጫው ይላክልዎታል። በጆርጂያ ማመልከቻው ከምርጫው ቀን 11 ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። ስለዚህ ዲሲ ያለ ዘመድዎ በስልክ የነገረዎትን ይዘው አትላንታ ላይ አይሥሩበት።

ወረቀቱ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ኤንቨሎፕ ጋር ነው። የውስጠኛው ምስጢር መጠበቂያ ነው፤ ስምም ፊርማም አይጻፍበትም። የሚፈረመው በውጨኛው ላይ ነው። የፔንሲልቬኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 የውስጠኛው ኤንቨሎፕ የሌለው ድምፅ እንዳይቆጠር ወስኗል። ሌላው የተለመደ ስሕተት በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ኤንቨሎፕ መለዋወጣቸው ነው። ባል በሚስት ኤንቨሎፕ ላይ ይፈርማል፣ ሚስትም በባል፤ የሁለቱም ድምፅ አደጋ ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱ የራሱን ስም አይቶ ይውሰድ።

ፊርማው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን ስቴትን በመሳሰሉ ቦታዎች ሠራተኞች የኤንቨሎፑን ፊርማ በመዝገብ ካለው ጋር ያስተያያሉ። የዚያው ስቴት ኦዲተር በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2020 ምርጫ የጥቁር መራጮች ድምፅ ውድቅ የሆነበት መጠን ከነጮች አራት እጥፍ እንደነበረ አሳይቷል። መርማሪዎቹ በፊርማ አመዛዛኞቹ ውሳኔ ላይ የአድልዎ ማስረጃ አላገኙም፤ ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በአማርኛ የፈረሙ፣ ዜግነት ሲወስዱ በላቲን ፊደል የጀመሩ፣ ከዚያም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የሄደ እናትና አባት በየቤታችን አሉ። በተለያየ ጊዜ የሰጧቸው ፊርማዎች የአንድ ሰው አይመስሉም።

ቋንቋውም አያግዝም። የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚጠቅሰው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ዝርያ ያላቸውን፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችንና የአላስካ ተወላጆችን ብቻ ነው። አማርኛ እዚያ ውስጥ የለም። በዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃ ይገኛል፤ በሌላ ቦታ ግን አብዛኛው ሰው የሚተማመነው በልጁ ነው። ይህን የፌዴራል ሕጉ ይፈቅዳል፦ ማንበብ የማይችል ወይም አካል ጉዳት ያለበት መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በቀር የመረጠው ሰው ሊረዳው ይችላል። መርዳት ማለት ግን ማንበብና የታዘዙትን ማጥቆር ነው። «እናቴ ስለማታውቅ እኔ ሞልቼ ፈረምኩላት» ማለት ወንጀል ነው፤ ከወንጀልነቱም በላይ የእናትን ድምፅ መውሰድ ነው። ይህን ነገር ቀላል አድርገን ማየታችን ያሳዝነኛል።

ማጭበርበር የለም እያልኩ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና በ2018 ለአንድ የኮንግረስ መቀመጫ በተደረገ ምርጫ፣ በተቀጣሪዎች እጅ የፖስታ ድምፅ እየተሰበሰበ ሕግ መጣሱ ተረጋግጦ፣ በ905 ድምፅ ልዩነት የተገኘው ውጤት ሳይጸድቅ ቀርቶ ምርጫው ተደግሟል። ያ ነገር የተጋለጠው ግን ኤንቨሎፕ ላይ ፊርማና ምስክር ስለሚጠየቅ፣ ሁሉም ነገር ዱካ ስለሚተው ነው። የታሸገ ኤንቨሎፕ በሩን ለሚያንኳኳ ሰው አይሰጥም።

ግሪን ካርድ ያላቸውም ልብ ይበሉ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ከአገር እስከመባረር ሊያደርሰው ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «ለመራጭነት ልመዝግብዎት?» ቢባሉ፣ ዜጋ ካልሆኑ መልሱ «አይ» ነው። አዲስ አበባ ተመልሰው የሚኖሩ የአሜሪካ ዜጎች ግን መብታቸው አብሯቸው ነው። የፌዴራሉን የፖስታ ካርድ ማመልከቻ ሞልተው መጨረሻ ወደኖሩበት ስቴት ይልካሉ፤ ስቴቱም ለፌዴራል ምርጫ ከ45 ቀን በፊት ወረቀቱን የመላክ ግዴታ አለበት። ማመልከቻው በየዓመቱ ቢታደስ ይሻላል።

ቀኑን በተመለከተ፣ አንዳንድ ስቴቶች እስከ ምርጫው ቀን የተመታ ማኅተም ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎች ኤንቨሎፑ ራሱ በዚያው ቀን እጃቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ። ይህ ሕግ በየጊዜው ሲለዋወጥ ቆይቷል። ማኅተሙም ፖስታ ሳጥን ውስጥ በከተቱበት ቀን ላይመታ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመታው በማጣሪያ ማዕከሉ ነው። ፖስታ ቤቱ ራሱ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ላኩ ይላል። ከዚያ ከዘገያችሁ ካውንቲው የድምፅ መሰብሰቢያ ሳጥን አስቀምጦ ከሆነ እዚያ ውስጥ ክተቱ፣ ወይም በአካል ሄዳችሁ ምረጡ።

ከላካችሁ በኋላም አትተዉት። በአብዛኛው ስቴት ኤንቨሎፑ መድረሱንና ተቀባይነት ማግኘቱን በምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ፊርማ ወይም ቁጥር ጎድሎ ከሆነ ብዙ ስቴቶች በደብዳቤ ወይም በስልክ ያሳውቃሉ፤ ለማስተካከል የሚሰጡት ጊዜ ግን አጭር ነው። ወላጆቻችሁ የማያውቁት ቁጥር ሲደውል እንደማያነሱ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የምርጫ ሰሞን ደብዳቤያቸውን እናንተ ክፈቱላቸው፣ ኤንቨሎፑን አገላብጣችሁ እዩላቸው፤ ማንን እንደሚመርጡ ግን ለእነሱ ተዉላቸው።