ስለ «አስክ» እና ስለ ዘመዶቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የእንግሊዝኛውን «አስክ» ገና በአንደኛ ደረጃ እንማረዋለን። መጠየቅ ማለት ነው ይባልና ይታለፋል። ከፍ ስንል መዝገበ ቃላት ብንገልጥ «ሪኩዌስት»ም መጠየቅ፣ «ዲማንድ»ም መጠየቅ፣ «ኢንኳየር»ም መጠየቅ ሆኖ እናገኘዋለን። ሁሉም አንድ ናቸው፣ ረጅሙን የመረጠ የተማረ ይመስላል የሚለው እምነት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። በዚህ እምነት ምክንያት ስንት የሥራ ማመልከቻና ለመምህር የተጻፈ ደብዳቤ ጸሐፊው ያላሰበውን መልእክት ይዞ ይሄዳል።

ቃላቱ ወደ እንግሊዝኛ የገቡበት በር የተለያየ ነው። «አስክ» የአገሬው የጥንት ቃል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ መሥራት ጀመሩ፤ «ሪኩዌስት»፣ «ዲማንድ» እና «ክዌስችን» የዚያ ዘመን ትሩፋት ናቸው። «ኢንተሮጌት» የላቲን ልጅ ነው። ዛሬም ጓደኛ ጓደኛውን «አስክ» ያደርጋል። አንድን ሰው «ክዌስችን» ያደረገ ግን ጥርጣሬ አለው፤ «ኢንተሮጌት» የሚያደርገው ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ነው። ቃሉ ሲረዝም በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል።

ከሁሉም የሚጎዳን «ዲማንድ» ጠንከር ያለ ልመና ነው የሚለው ግምት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ቃሉን የምናውቀው ከኢኮኖሚክስ ትምህርት፣ «አቅርቦትና ፍላጎት» ከሚለው ምዕራፍ ነው። ፍላጎት ደግሞ ለስላሳ ነገር ነው። ፈረንሳይኛ የተማረ ሰውም ይሳሳታል፤ በፈረንሳይኛ «ደማንዴ» ተራ መጠየቅ ብቻ ነውና። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ በፍርድ ቤት ቋንቋ ውስጥ መብትን መጠየቂያ ሆኖ ስለኖረ እምቢታን የማይቀበል ሆነ። የቤት ሥራ ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምለት የፈለገ ተማሪ «አይ ዲማንድ» ብሎ ከጻፈ መምህሩ የሚያነበው ትእዛዝ ነው፤ ያውም ከተማሪው ወደ መምህሩ የተላለፈ ትእዛዝ።

«ሪኩዌስት» ከ«አስክ» ይበልጥ ትሁት ነው የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። በመንግሥት ማስታወቂያና በአየር መንገድ መልእክት ላይ ቦታውን ያውቃል። «አይ ሪኩዌስት ዩ ቱ» ብሎ ለጎረቤት ወይም ለአለቃ መጻፍ ግን ደረቅ የቢሮ ደብዳቤ ያስመስላል። ችግሩ ከእንግሊዝኛ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። እኛ ለአክብሮት «እርስዎ» አለን፤ «ቢያደርጉልኝ» የሚል ግስ አለን። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለፕሬዚዳንቱም አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። አንቱታውን ያጣ ሰው በረጅም ቃል ሊተካው ይሞክራል። እንግሊዞች ግን አክብሮታቸውን ያስቀመጡት በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ ነው፦ «ኩድ ዩ»፣ «ውድ ዩ ማይንድ»። ከዚህ ጋር የመጣ ትንሽ ቃል ሁሉ ጨዋ ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ሌላም አለ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አስክ» ማለቱን ትቶ «አክስ» ይላል፤ እነሱም ቋንቋው ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የሚጠቀሙበት ይህ አነጋገር ያለመማር ምልክት አይደለም። ሁለቱም አጠራሮች በጥንቱ እንግሊዝኛ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። ቾሰር፣ ያ የአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ገጣሚ፣ በሁለቱም ጽፏል። የእንግሊዝ የመጀመሪያው አታሚ ዊልያም ካክስተን በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ አንዲትን ሴት እንቁላል ስለጠየቀ ነጋዴ ያወጋል፤ ነጋዴው በሰሜኑ አነጋገር ጠይቆ ሴትየዋ ፈረንሳይኛ የተናገረ መስሏት ነበር። በዚያ ወግ ውስጥ ካክስተን «ጠየቀ»ን የጻፈው «አክስ» በሚለው መልክ ነው። በ1535 የታተመው የከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስም በማቴዎስ 7፥7 ላይ እንዲሁ አድርጓል። ዛሬ አንዳንድ ቀጣሪ በዚህ አጠራር ሰውን እንደሚንቅ ልጁ ማወቅ አለበት፤ ንቀቱ ትክክል ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ ግን በደል ነው።

ያው የማቴዎስ ቁጥር ሌላም ያሳያል። እንግሊዝኛው «አስክ» ያለውን አማርኛው በ«መለመን» ነው ያስገባው። የሁለቱ ቋንቋዎች ግሶች ልክ ለልክ አይገጥሙም። እኛ የታመመ ሰው እንጠይቃለን፤ ሆስፒታል በር ላይ ይህንኑ በ«አስክ» የተናገረ ሰው ግን ጥበቃው ምን ዓይነት ጥያቄ ይዞ እንደመጣ ግራ ይገባዋል። የሚፈለገው «ቪዚት» ወይም «ሲ» ነው። በተቃራኒው የሥራ ባልደረባ ለእራት «አስክ» አደረገኝ ካለ ጋበዘኝ ማለቱ ነው። ለእኛ የደኅንነት ጥያቄ የሚቀርበው «አስክ አፍተር» ነው፤ በአካል ሳንሄድ እገሌ እንዴት ሆነ፣ ተሻለው ወይ ስንል በእንግሊዝኛ የሚሠራው እሱ ነው።